ጆ ሚክ

ጆ ሚክ (ሙሉ ስሙ ሮበርት ጆርጅ ሚክ፤ ከመጋቢት 27 ቀን 1921 ዓ.ም. እስከ ጥር 26 ቀን 1959 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 5 ቀን 1929 እስከ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1967) እንግሊዛዊ የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር፣ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያና የዜማ ደራሲ ነበር። ኖታ ማንበብ አይችልም፤ የሙዚቃ መሣሪያም አይጫወትም ነበር። ሆኖም በሰሜን ለንደን፣ ከአንድ የቆዳ ዕቃ መደብር በላይ በተከራየው ቤት ውስጥ ራሱ ባቀናጀው ስቱዲዮ የቀረጻቸው ሦስት ሸክላዎች በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ የመጀመሪያውን ቦታ ይዘዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው «ቴልስታር» እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካም አንደኛ ወጥቷል፤ ከብሪታንያ ባንዶች ይህን ያገኘ ከዚያ በፊት አልነበረም።

የሚክ ስም ዛሬ በአብዛኛው የሚነሳው ሙዚቃን በቤት ውስጥ ቀርጾ ለገበያ ማብቃት እንደሚቻል ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ጊዜ

ሚክ የተወለደው በምዕራብ እንግሊዝ በግሎስተርሺር አውራጃ፣ ኒውንት በምትባል አነስተኛ የገጠር ከተማ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዝንባሌው ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ነበር። እኩዮቹ ውጭ ሲጫወቱ እሱ በወላጆቹ ግቢ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ የተበላሹ ሬዲዮኖችን ይፈታል፣ ሽቦ ይቀጥላል፣ ድምፅ ማጉያ ይሠራል። ከፍ ሲልም በአካባቢው በሚደረጉ የዳንስ ምሽቶች ራሱ የሠራቸውን ድምፅ ማጉያዎች እየያዘ በመሄድ ሸክላ ያጫውት ነበር።

ለወታደራዊ ግዴታ ሲጠራ በብሪታንያ አየር ኃይል በራዳር ቴክኒሺያንነት አገለገለ። ይህ ሥራ በልምድ ያወቀውን ኤሌክትሮኒክስ በሥርዓት እንዲማር ረዳው። ከአየር ኃይል ከወጣ በኋላ በሚድላንድስ የኤሌክትሪክ ቦርድ ተቀጥሮ ሠርቷል። በዚሁ ጊዜ የሸክላ መቅረጫ መሣሪያ አግኝቶ በራሱ ቀረጻ መለማመድ ጀመረ። ሙዚቃን የተማረው በመጫወት ሳይሆን በማዳመጥና በመቅረጽ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ለንደን መሄዱ

በ1954 ሚክ ወደ ለንደን ሄዶ አይ.ቢ.ሲ. በሚባል ድርጅት ተቀጠረ። ድርጅቱ ለሬዲዮ ሉክሰምበርግ ፕሮግራሞችን ያዘጋጅ ነበር፤ ሚክም በየከተማው በሚደረጉ ትርኢቶች ላይ የመቅረጽ ሥራ ከሠራ በኋላ ወደ ስቱዲዮው ገባ። በዚያን ጊዜ በታላላቆቹ የእንግሊዝ ስቱዲዮዎች አሠራሩ ጥብቅ ደንብ ነበረው። የቀረጻ ባለሙያው ሥራ ሙዚቀኞቹ በክፍሉ ውስጥ የሚያሰሙትን ድምፅ ሳይጨምርና ሳይቀንስ በታማኝነት መያዝ ነበር። ሚክ ግን ድምፁን ራሱን መለወጥ ፈለገ። ማይክሮፎን ወደ መሣሪያው አፍ ያስጠጋል፤ የድምፁን መጠን ከተፈቀደው በላይ ይጨምራል፤ አስተጋብቶ ይጨምርበታል።

የዚህ አሠራር ውጤት በ1956 ታየ። የጃዝ ጥሩንባ ነፊው ሃምፍሪ ሊትልተን ባወጣው «ባድ ፔኒ ብሉዝ» በተባለው ሸክላ ላይ ሚክ ፒያኖውን ጨምቆና ወደፊት አውጥቶ ቀረጸው። ይህ ለዘመኑ የጃዝ ሙዚቀኞች እንግዳ ነገር ቢሆንም ሸክላው በብዛት ተሸጠ። በዚያው ዓመት አን ሼልተን የተባለችው ድምፃዊት ላወጣችውና አንደኛ ለወጣው ዘፈን የወታደሮችን የእግር ኮቴ የፈጠረው ጠጠር በተሞላ ሣጥን ነው። በ1958 ሚክ ከፕሮዲዩሰሩ ዴኒስ ፕሬስተን ጋር በመሆን በምዕራብ ለንደን የላንስዳውን ስቱዲዮን በማቋቋም ተሳተፈ። ሆኖም ቁጡና ተጠራጣሪ ባሕርይ ስለነበረው ከባልደረቦቹ ጋር ብዙም አልተስማማም፤ በ1959 መገባደጃም ስቱዲዮውን ለቀቀ።

ትሪያምፍ ኩባንያ

በ1960 መጀመሪያ ላይ ሚክ ከሸሪክ ጋር ሆኖ ትሪያምፍ የተባለ የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። በዚያን ዘመን የብሪታንያን የሙዚቃ ገበያ በአብዛኛው የያዙት ኢ.ኤም.አይ.፣ ዴካ፣ ፊሊፕስና ፓይ የተባሉ አራት ኩባንያዎች ነበሩ። የራሳቸው ስቱዲዮ፣ የራሳቸው ማተሚያ ፋብሪካና የራሳቸው ማከፋፈያ ስለነበራቸው ከእነሱ ውጭ ሆኖ ሸክላ ለሱቅ ማድረስ እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

የትሪያምፍ ዕጣ ይህንኑ አሳየ። ማይክል ኮክስ የዘፈነው «አንጄላ ጆንስ» በሽያጭ ሰንጠረዡ 7ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ነገር ግን ትንሹ ኩባንያ የተፈለገውን ያህል ሸክላ አሳትሞ በወቅቱ ማቅረብ ስላልቻለ ከዚያ በላይ መውጣት አልቻለም። ሚክ ከዚህ የተማረው ትምህርት ለቀጣዩ ሥራው መሠረት ሆነ። ማተሙንና ማከፋፈሉን ለትልልቆቹ ትቶ፣ ቀረጻውን በራሱ ወጪና በራሱ ቤት ጨርሶ፣ ያለቀውን ቴፕ ለኩባንያዎቹ ማከራየት ጀመረ። ዛሬ የተለመደ የሆነው ይህ የገለልተኛ ፕሮዲዩሰር አሠራር በወቅቱ በብሪታንያ እንግዳ ነበር።

በዚያው ዓመት ሚክ «አይ ሂር ኤ ኒው ወርልድ» የተሰኘ፣ በጨረቃ ላይ ያለውን ሕይወት በድምፅ ለማሳየት ያሰበበትን ሥራ ቀረጸ። ሕዋን በዜማና በልዩ ልዩ የቤት ውስጥ ድምፆች ለመሳል የሞከረበት ይህ ሥራ በሕይወት እያለ በከፊል ብቻ ወጣ፤ ሙሉው የታተመው በ1991 ነው።

ሆሎዌይ ሮድ 304

ትሪያምፍን ከለቀቀ በኋላ ሚክ ሜጀር ዊልፍሬድ ባንክስ ከተባለ ነጋዴ ገንዘብ አግኝቶ አር.ጂ.ኤም. ሳውንድ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በሰሜን ለንደን በኢዝሊንግተን፣ ሆሎዌይ ሮድ ቁጥር 304 የሚገኘውን ቤትም ተከራየ። ምድር ቤቱ የአከራዮቹ የሼንተን ቤተሰብ የቆዳ ዕቃ መሸጫ ሲሆን ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት ወለሎች የሚክ መኖሪያና የሥራ ቦታ ሆኑ። ከፊት ለፊቱ ቀኑን ሙሉ ከባድ መኪናና አውቶቡስ የሚመላለስበት ዋና መንገድ ነበር።

ቤቱ ለስቱዲዮ የተሠራ አልነበረም። አንዱ ክፍል የሙዚቀኞች መጫወቻ፣ ሌላው ትንሽ ክፍል ደግሞ የመቅረጫ መሣሪያዎቹ ማስቀመጫ ሆነ። ወለሉ በሽቦና በቴፕ ቁርጥራጭ የተሞላ ነበር። ክፍሉ ሲጠብ ድምፃዊው ከመጋረጃ ጀርባ ወይም በመታጠቢያ ቤት ይቆማል፤ ቫዮሊን ተጫዋቾች በደረጃው ላይ ይደረደራሉ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ድምፅን ስለሚመልስ እንደ ማስተጋቢያ ክፍል አገለገለ። ሙዚቀኞቹ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ሳይተያዩ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ እየተደማመጡ ይጫወቱ ነበር።

ጩኸቱ ከጎረቤትና ከአከራይ ጋር ማጋጨቱ አልቀረም። የመደብሩ ባለቤት ወይዘሮ ቫዮሌት ሼንተን ድምፁ ሲበዛባቸው በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድቡ ነበር። ሚክም በበኩሉ ድምፅ ማጉያውን ወደ ደረጃው አዙሮ ይብሱን ያስጮኸው እንደነበር አብረውት የሠሩ ሰዎች ተርከዋል። ያም ሆኖ ወይዘሮ ሼንተንና ተከራያቸው ለዓመታት በመቻቻል ኖረዋል።

የአሠራር ዘዴው

ሚክ ዜማ ሲመጣለት የሚጽፍበት ኖታ ስላልነበረው አስቀድሞ በተቀረጸ የከበሮ ወይም የሌላ ዘፈን አጃቢ ሙዚቃ ላይ እያንጎራጎረ በቴፕ ይቀዳው ነበር። ድምፁ ከዜማ የሚወጣ በመሆኑ ሐሳቡን ተረድቶ ወደ ኖታ መገልበጥ የሙዚቀኞቹ ፈንታ ነበር። በዚህ ሥራ ብዙ ከረዱት አንዱ ፒያኖ ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ጄፍ ጎዳርድ ነው። ተዋናዩ ጆን ሌይተን በ1961 የዘፈነውን «ጆኒ ሪሜምበር ሚ» የደረሰው ጎዳርድ ሲሆን፣ ይህ ከሆሎዌይ ሮድ ወጥቶ አንደኛ የሆነ የመጀመሪያው ሸክላ ነው።

ሚክ የተጠቀመባቸው ቴክኒኮች ከዚያ በኋላ በመላው ዓለም የተለመዱ ሆነዋል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ድርብርብ ቀረጻ፦ በዚያን ዘመን ብዙ መስመር ያለው መቅረጫ አልነበረውም። ስለዚህ በመጀመሪያ ከበሮውን፣ ቤዙንና ጊታሩን በአንዱ መቅረጫ ይቀዳል፤ ቀጥሎ ያንን እያጫወተ የድምፃዊውን ወይም የሌላ መሣሪያን ድምፅ ጨምሮ በሁለተኛው መቅረጫ ላይ ይቀዳዋል። ይህን ደጋግሞ ያደርጋል። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ቴፑ የራሱን ሹክሹክታ ስለሚጨምር ሥራው ጥንቃቄን ይጠይቃል።

መጭመቅ፦ ለስ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ የጮኸውን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ አጥብቆ ይጠቀም ነበር። በዚህ ምክንያት ሸክላዎቹ በትንሽ ሬዲዮና በቡና ቤት ሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ከሌሎቹ ጎልተው ይሰሙ ነበር።

ቀጥታ ማገናኘት፦ የቤዝ ጊታርን ድምፅ በማጉያና በማይክሮፎን በኩል ሳይሆን በቀጥታ ገመድ ወደ መቅረጫው ያስገባል። ይህ በጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፆች እንዳይደባለቁ ረድቶታል።

ማስተጋቢያ፦ የገደል ማሚቶ የሚመስለውን ድምፅ ለማግኘት ከመታጠቢያ ቤቱ ሌላ፣ ከአሮጌ ዕቃ በተፈቱ ስፕሪንጎች ራሱ የሠራውን መሣሪያ ይጠቀም ነበር። አሠራሩን ሌሎች እንዳይሰርቁት ይሸሽገው ነበር።

የቴፕ ፍጥነት፦ ቴፑን ቀስ አድርጎ ቀድቶ በፍጥነት በማጫወት ድምፁን ያቀጥነዋል፤ ምቱንም ያፈጥነዋል። ቴፑን ወደ ኋላ ማጫወትም ከዘዴዎቹ አንዱ ነበር።

«ቴልስታር»

በጁላይ 10 ቀን 1962 ቴልስታር የተባለችው የመገናኛ ሳተላይት ወደ ሕዋ መጠቀች። ከጥቂት ቀናት በኋላ የቴሌቪዥን ሥዕል ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ በቀጥታ አስተላለፈች። ከልጅነቱ ጀምሮ ሕዋና ኤሌክትሮኒክስ የሚማርኩት ሚክ በዚህ ተነሳስቶ ግጥም የሌለው ዜማ ደረሰ። ዜማውን እንዲጫወቱ የመረጣቸው ቶርኔዶስ የተባሉ ሙዚቀኞች ነበሩ። እነሱም ክሌም ካቲኒ (ድራም)፣ አላን ካዲ እና ጆርጅ ቤላሚ (ጊታር)፣ ሃይንዝ በርት (ቤዝ) እና ሮጀር ላቨርን (ኪቦርድ) ናቸው። ባንዱ በዚያ ወቅት በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በግሬት ያርማውዝ ቢሊ ፊዩሪ የተባለውን ድምፃዊ ያጅብ ስለነበር ለቀረጻ ወደ ለንደን የመጣው በዕረፍት ሰዓቱ ነው።

ባንዱ የድርሻውን ተጫውቶ ከሄደ በኋላ ዋናውን ዜማ ጄፍ ጎዳርድ ክላቪዮሊን በሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ላይ ተጫወተው። ሚክ በመጀመሪያና በመጨረሻ ላይ የሮኬት መነሳትን የሚያስታውስ ድምፅ ጨመረበት። ያለቀውን ቴፕ ዴካ ተቀብሎ በኦገስት 1962 ሸክላውን አወጣው።

«ቴልስታር» በብሪታንያ ለ5 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በዲሴምበር 1962 ደግሞ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ቦታ ይዞ ለ3 ሳምንታት ዘለቀ። ቢትልስ በአሜሪካ አንደኛ የወጡት ከዚህ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይተው ነው። ሸክላው በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ፤ ለሚክም የአይቮር ኖቬሎ ሽልማትን አስገኘ።

የፍርድ ቤት ክርክር

ይሁን እንጂ ሚክ ከ«ቴልስታር» ድርሰቱ የሚገባውን ገንዘብ በሕይወት ሳለ አላገኘም። ዣን ሌድሩ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ ዜማው በ1960 ለወጣው «ኦስተርሊትዝ» ለተባለው የአቤል ጋንስ ፊልም ከሠራው ሙዚቃ የተሰረቀ ነው ሲል ከሰሰ። ፊልሙ በብሪታንያ ገና ያልታየ ቢሆንም ክሱ እስኪወሰን ድረስ የደራሲነት ክፍያው በሙሉ ታገደ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ፍርድ ቤቱ ለሚክ የፈረደው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

የእገዳው ጉዳት ከገንዘቡ ያለፈ ነበር። የሚክ አሠራር የቀረጻን ወጪ በራሱ ችሎ፣ ከሸክላው ሽያጭ በሚመጣው ገቢ ቀጣዩን ሥራ ማካሄድ ነበር። በወር ደመወዝ የሚሠራ ፕሮዲዩሰር ክስ ቢመጣበት ከጀርባው ኩባንያ አለ፤ ሚክ ግን ስቱዲዮውም፣ ኩባንያውም፣ መኖሪያ ቤቱም አንድ ነበሩ። ከሁሉ የበለጠው ሥራው ያፈራው ገንዘብ ሲታሰር የቤት ኪራዩም የሙዚቀኞቹም ክፍያ አብሮ ችግር ላይ ወደቀ።

ጀማሪ ባንዶችና ሃኒኮምብስ

በ1950ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ ስኪፍል የተባለ ቀላል ሙዚቃ ተስፋፍቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በርካሽ ጊታር፣ በልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮና ከሻይ ቅጠል ሣጥን በተሠራ ቤዝ ባንድ መሥርተው ነበር። ከሥራ በኋላና በሳምንቱ መጨረሻ የሚጫወቱት እነዚህ ወጣቶች ወደ ታላላቆቹ ስቱዲዮዎች የሚገቡበት በር አልነበራቸውም። የሆሎዌይ ሮድ ቤት ግን ለብዙዎቹ ክፍት ነበር። ደረጃውን ወጥተው፣ መሣሪያቸውን ሰክተው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈተናሉ። ሚክ ከእነዚህ መካከል ሲመርጥ ከችሎታቸው ይልቅ መልካቸው የሚማርከው ጊዜ እንደነበረ ይነገራል፤ ለዚህም ሃይንዝ በርትን በምሳሌነት ያነሳሉ። ሚክ ከቶርኔዶስ አውጥቶ ብቻውን እንዲዘፍን ያደረገው ይህ ቤዝ ተጫዋች በ1963 «ጀስት ላይክ ኤዲ» በተባለው ዘፈን 5ኛ ደረጃ ደርሷል።

ከጀማሪዎቹ ሁሉ የተሳካላቸው ሃኒኮምብስ ናቸው። ባንዱን በ1963 የመሠረተው ማርቲን መሪ የፀጉር ሥራ ባለሙያ ነበር። ድራም የምትመታው አን ላንትሪ («ሃኒ») እዚያው ፀጉር ቤት አብራው ትሠራ ነበር፤ ቤዝ የሚጫወተው ደግሞ ወንድሟ ጆን ነው። በዚያን ዘመን በሮክ ባንድ ውስጥ ሴት ድራመር ማየት እንግዳ ነገር ነበር። ኬን ሃዋርድ እና አላን ብሌይክሊ የተባሉ፣ እነሱም ገና ጀማሪ የነበሩ ደራሲዎች ዘፈን ሰጧቸው፤ ሚክም «ሃቭ አይ ዘ ራይት» የተባለውን ይህን ዘፈን በቤቱ ቀረጸው።

ለዘፈኑ መለያ የሆነው ከባድ ምት የተገኘው ከቤቱ ደረጃ ነው። የባንዱ አባላት ከምንጣፍ የተራቆተውን የእንጨት ደረጃ በእግራቸው ይረግጣሉ፤ ሚክ ማይክሮፎኖችን በብስክሌት ነጂዎች የሱሪ መቆንጠጫ ከደረጃው መደገፊያ ጋር አስሮ ድምፁን ይቀዳል። ሲያልቅ ቴፑን አፈጠነው። ሸክላው በኦገስት 1964 በብሪታንያ አንደኛ፣ በአሜሪካ ደግሞ 5ኛ ወጣ። ይህም ሦስተኛውና የመጨረሻው የሚክ አንደኛ ሆነ። ይሁንና ዘፈኑ ከእኔ ድርሰት የተወሰደ ነው ያለው ጄፍ ጎዳርድ በዚሁ ጉዳይ ከሚክ ጋር ተጣላ፤ ከዚያም ከሙዚቃው ሥራ ራቀ። ሚክ የዜማ ቋንቋውን ከሁሉ የተሻለ የሚረዳለትን ሰው አጣ።

በሆሎዌይ ሮድ ከቀረጹት ወጣቶች አንዳንዶቹ በኋላ ታዋቂ ሆነዋል። ቶም ጆንስ በ1963 ገና ያልታወቀ ዌልሳዊ ድምፃዊ ሳለ ከባንዱ ጋር በዚህ ቤት ቀርጿል። የዲፕ ፐርፕሉ ሪቺ ብላክሞር፣ የየስ ባንዱ ስቲቭ ሃው እና ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር የተጫወተው ድራመር ሚች ሚቸልም በወጣትነታቸው በሚክ ቀረጻዎች ላይ ተሳትፈዋል።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1963 በኋላ ከሊቨርፑል የተነሱት ቢትልስና መሰል ባንዶች የአድማጩን ጆሮ ለወጡት። የራሳቸውን ዘፈን የሚደርሱ፣ የራሳቸው ድምፅ ያላቸው ባንዶች ሲበዙ ሁሉን ነገር ራሱ የሚወስነው የሚክ አሠራር እየጠበበ ሄደ። በ1966 ክራይን ሼምስ ለተባለ የሊቨርፑል ባንድ የቀረጸው «ፕሊዝ ስቴይ» 26ኛ ደረጃ ከመድረሱ በቀር የሚጠቀስ ሽያጭ አላገኘም። ዕዳ በዛበት።

የግል ሕይወቱም ተጨናነቀ። ሚክ ግብረ ሰዶማዊ ነበር፤ ይህ ደግሞ በጊዜው በእንግሊዝ በወንጀል ያስቀጣ ነበር። በ1963 በዚሁ ጉዳይ ተይዞ 15 ፓውንድ ተቀጣ፤ ወሬው በጋዜጣ በመውጣቱም ገንዘብ ለመንጠቅ የሚያስፈራሩት ሰዎች በዙበት። ሕጉ የተሻሻለው እሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁላይ 1967 ነው።

ሚክ በመናፍስት ያምን ነበር። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተው አሜሪካዊው ድምፃዊ ባዲ ሆሊ ጋር እንደሚገናኝ ያስብ ነበር፤ በመቃብር ቦታዎች የሙታንን ድምፅ ለመቅዳት መቅረጫ ይዞ እንደሄደም ይነገራል። ከሚወስዳቸው አነቃቂ እንክብሎች ጋር ጥርጣሬው እየባሰ መጣ። የሸክላ ኩባንያዎች የሥራውን ምስጢር ለመስረቅ በግድግዳው ውስጥ ማዳመጫ ቀብረዋል ብሎ ያምን ጀመር። በቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር እስከመተው ደረሰ።

በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1967፣ ባዲ ሆሊ በሞተ በስምንተኛው ዓመት፣ ሚክ በሆሎዌይ ሮድ ቤት ውስጥ አከራዩን ወይዘሮ ቫዮሌት ሼንተንን በጠመንጃ ተኩሶ ገደለ፤ ወዲያውም የራሱን ሕይወት አጠፋ። ዕድሜው 37 ዓመት ነበር። የተቀበረው በትውልድ ከተማው በኒውንት ነው።

የሻይ ሣጥን ቴፖች

ከሞቱ በኋላ በቤቱ ውስጥ ከ1,800 በላይ ቴፖች ተገኙ። ከ60 በላይ በሆኑ የሻይ ቅጠል ማሸጊያ ሣጥኖች ውስጥ የታጨቁት እነዚህ ቴፖች ያልወጡ ዘፈኖችን፣ ልምምዶችን፣ የጀማሪ ባንዶች ፈተናዎችንና ሚክ ዜማ ሲያንጎራጉር የተቀዳባቸውን ይዘዋል። ሁሉንም በ300 ፓውንድ የገዛቸው ክሊፍ ኩፐር ነው። ኩፐር በሚክ ዘንድ በቀረጸ ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ኦሬንጅ የተባለውን የድምፅ ማጉያ ኩባንያ መሥርቷል።

ቴፖቹ ከ50 ዓመት በላይ ለሕዝብ ሳይቀርቡ ቆዩ። በ2020 ቼሪ ሬድ የተባለ የእንግሊዝ የሙዚቃ ኩባንያ ገዝቷቸው ወደ ዲጂታል መገልበጥ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህም ከውስጣቸው የተመረጡ ሥራዎች በተከታታይ እየወጡ ነው። ስማቸው በየትኛውም ሸክላ ላይ ያልወጣ፣ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ፈተና በላይ ያልዘለቁ የብዙ ወጣቶች ድምፅ የቀረው በእነዚህ ቴፖች ላይ ብቻ ነው።

ትሩፋትና መታሰቢያ

ሚክ በሕይወት ሳለ ብዙ የስቱዲዮ ባለሙያዎች ቀረጻዎቹን የተዛቡና ደንብ የጣሱ አድርገው ይመለከቷቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ማይክሮፎንን ማስጠጋት፣ ድምፅን አጥብቆ መጭመቅ፣ ደራርቦ መቅረጽና ስቱዲዮውን ራሱን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ መጠቀም የታላላቅ ስቱዲዮዎችም አሠራር ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ርካሽ ባለ አራት መስመር የካሴት መቅረጫ፣ ቆይቶም ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ሚክ በመኝታ ክፍልና በደረጃ ላይ ያደርገው የነበረው ሥራ ለማንኛውም ሰው ተደራሽ ሆነ።

የሕይወት ታሪኩን ጆን ሬፕሽ በ1989 በመጽሐፍ አቅርቦታል። ቢ.ቢ.ሲ. በ1991 ስለ እሱ ዘጋቢ ፊልም አሳይቷል። በ2005 ለመድረክ የቀረበው «ቴልስታር» የተሰኘ ተውኔትም በ2008 ፊልም ሆኖ ተሠርቷል፤ ሚክን ሆኖ የተወነው ኮን ኦኒል ነው። ኤን.ኤም.ኢ. የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት በ2014 ባወጣው የፕሮዲዩሰሮች ዝርዝር ላይ ሚክን በአንደኛ ደረጃ አስቀምጦታል።

የሆሎዌይ ሮድ 304 ሕንፃ ዛሬም አለ። ከመደብሩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ሚክ በዚያ መኖሩን፣ መሥራቱንና መሞቱን የሚገልጽ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፏል።